ወርቅ ቀደመ፣ አልሙኒየም ዘገየ፤ ፕላቲነምስ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የምኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ብረታ ብረቶች ሪአክቲቪቲ ስንማር መምህራችን ‹ሰነፎቹ ቀድመው ተገኙ፣ ሪአክቲቭ የሆኑት ዘግይተው ተገኙ› አሉን። የተገኙበትን ዓመት እየፈለግሁ ሰንጠረዥ ስሠራ ግን አልገጥም አለኝ። ፕላቲነም እንደ ወርቅ ሰነፍ ከሆነ ለምን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታወቀ? አልሙኒየምስ የማይዝግ ሆኖ ሳለ ለምን ከብረት በሺህ ዓመታት ዘገየ? ለክፍል ፕሮጀክት ደግሞ ከጓሯችን ቀይ አፈር ብረት ማውጣት፣ ካልሆነ ሶዲየም ጣና ላይ ጥዬ ቪዲዮ መቅረጽ አስቤያለሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

የመምህርሽ አባባል ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሪአክቲቪቲ ማለት አንድ ብረታ ብረት ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር የሚዋሃድበት ቅልጥፍና ነው፤ በቀላሉ የማይዋሃዱት ናቸው «ሰነፎቹ»። ይህ ግን ብረታ ብረቱ የተገኘበትን ዓመት አይነግርሽም። የሚነግርሽ ብረታ ብረቱን ከማዕድኑ ለመለየት ምን መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ነው። መሣሪያው መቼ ተፈጠረ? ማዕድኑ መቼ ሰው እጅ ገባ? ያዩት ሰዎችስ አዲስ ነገር መሆኑን መቼ ለዩ? እነዚህ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሰንጠረዥሽ አልገጥም ያለው ሁሉንም በአንድ ዓምድ ስለጨመቅሻቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰንጠረዥሽ ላይም እንደዚያው አድርጊው፣ አለዚያ ይደባለቅብሻል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ተማሪ «ዘግይቶ የተገኘ» ሲባል «ብርቅ» ማለት ይመስለዋል። በቁጥር ስታዪው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በምድር ቅርፊት ካሉት ብረታ ብረቶች በብዛት አንደኛው አልሙኒየም ነው፤ በክብደት 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ብረት 5 በመቶ ገደማ ይዞ ይከተላል። ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 4 በመቶ ይደርሳሉ። መዳብን ብትወስጂ ግን በአንድ ቶን ተራ ድንጋይ ውስጥ በአማካይ 60 ግራም ገደማ ነው ያለው። ወርቅማ ጭራሽ ነው፤ ተራ ድንጋይ ከሆነ 1 ግራም ለማግኘት 250 ቶን አካባቢ መፍጨት ይኖርብሻል። የሰው ልጅ ቀድሞ የያዘው እንግዲህ ከሁሉም ብርቁን ነው። በየእግሩ ሥር ያለውን አልሙኒየም ግን ሳያየው ኖረ።

ጓሯችሁን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የጣና ዙሪያ ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ለአጥርና ለቤት መሠረት የምንጠቀምበት ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውስጡ አልሙኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሉ። ድንጋዩ ለረጅም ዘመን ዝናብና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። በውሃ በቀላሉ የሚሟሙት ታጥበው ይሄዳሉ። ብረቱ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ) ሆኖ፣ አልሙኒየሙ የሸክላው አካል ሆኖ ይቀራል። አፈሩን ያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው። አልሙኒየሙ ቀለም ስለሌለው አይታይም እንጂ እሱም እዚያው አለ።

ሶዲየምም እንደዚሁ። አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር እየተጫነ እስከ ጎጃም ድረስ እንደ ገንዘብ ሲሠራ በነበረበት ዘመን ነጋዴው ሁሉ ሶዲየም ይዞ ነበር የሚዞረው። ከገበታ ጨው ክብደት 39 በመቶው ሶዲየም ነው። ፖታሲየምም ምድጃ ውስጥ ካለው የእንጨት አመድ አይጠፋም። ያልነበረው ከተጣመሩበት የሚለያቸው መንገድ ነው።

ሪአክቲቭ ነው የምንለው ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ለሌላ የሚሰጥ ብረታ ብረት ነው። ሲሰጥ ከኦክስጅን፣ ከክሎሪን ወይም ከሰልፈር ጋር ይዋሃዳል፤ ሲዋሃድ ጉልበት ያወጣል። ያንን ውህድ መልሰሽ ለመፍታት የወጣውን ጉልበት መመለስ አለብሽ። ወርቅ ስንት ይፈልጋል? ከሞላ ጎደል ምንም። ፖታሲየምስ? በጣም ብዙ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው የብረታ ብረትን ታሪክ በሦስት የከፈለው፦ በእጅ የሚለቀሙ፣ በከሰል የሚወጡ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጡ።

በእጅ የሚለቀመው ዋናው ወርቅ ነው። ከወንዝ አሸዋ ውስጥ እንዳለ፣ እያብረቀረቀ ይገኛል። በቡልጋሪያ ቫርና በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4500 ገደማ የተቀበሩ ሰዎች ከነወርቅ ጌጣቸው ተገኝተዋል። መዳብም አንዳንድ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ማቅለጥ ከማወቃቸው ከሺህ ዓመታት በፊት እየቀጠቀጡ ዶቃ ሠርተውበታል። እዚህ ላይ ሰንጠረዥሽን የምታስቸግር አንዲት ነገር አለች። ብር ከመዳብ የባሰ ሰነፍ ነው፣ ግን ከመዳብ በኋላ ነው ሰው እጅ በደንብ የገባው። ንጹሕ ብር መሬት ላይ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ነው። የጥንቱ ብር በአብዛኛው የወጣው ከእርሳስ ማዕድን ውስጥ ተነጥሮ ነው። የጣና ገዳማትን ዕቃ ቤት ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ልዩነት ያውቃል፦ የብር ዕቃ በአየር ውስጥ ባለች ትንሽ ሰልፈር እየጠቆረ መወልወል ይፈልጋል፤ ወርቁ ግን ከመቶ ዓመታት በኋላም ያው ነው።

ቀጥሎ ከሰል መጣ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከብዙ ማዕድናት ላይ ኦክስጅን መንጠቅ ይችላል። አረንጓዴውን የመዳብ ድንጋይ ከከሰል ጋር ከምረሽ በወናፍ እፍ ብትይበት ወደ 1,200 ዲግሪ ይደርሳል። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ፈሳሽ ሆኖ ይወርድልሻል። ቲን (የጣሪያው ያልሆነው ቆርቆሮ) እና እርሳስ ከዚህም ይቀላሉ። ብረታ ብረቶችን ከሪአክቲቩ ወደ ሰነፉ ከሚደረድረው የሪአክቲቪቲ ዝርዝር ውስጥ የካርቦንን (የከሰሉን) ቦታ አስምሪበት። ከካርቦን በታች ያለው ሁሉ በመርህ ደረጃ አንጥረኛ በከሰል ሊያወጣው የሚችለው ነው።

«በመርህ ደረጃ» ያልሁት በምክንያት ነው። ብረትን እዪ። ከሰል ከብረት ላይ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ብረቱ ግን የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። ወናፍ እዚያ አያደርስም። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ፣ ቀዳዳው የበዛ ከዝቃጭ ጋር የተለወሰ ጓል ሆኖ ይወጣል። ያንን እያጋሉ ደጋግሞ በመቀጥቀጥ ቆሻሻውን ማስወጣት የባለሙያ ሥራ ነው። በጎጃምና በጎንደር ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን ሲሠሩ የኖሩት ቀጥቃጮች በዚህ ዕውቀት ነው የኖሩት። ኅብረተሰቡ ግን «ቡዳ» እያለ አገለላቸው። ማረሻውን እየተቀበለ ሰውየውን መግፋቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ብረት ከመውጣቱ በፊትም ብረት ነበር፤ ከሰማይ የወረደ። በ1323 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የሞተው የግብፁ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ የተገኘው ጩቤ ከተወርዋሪ ኮከብ ስባሪ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ኒኬል ነው ያስታወቀበት። ከማዕድን ብረት ማውጣት በስፋት የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ ጀምሮ ባሉት ዘመናት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥሽ ላይ «ብረት» ስትዪ የትኛውን እንደሆነ ጻፊ።

የሙቀቱን ጉዳይ ከሪአክቲቪቲው ጋር አታምታቺው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አጼ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ነሐስ ነው። ነሐስ መዳብና ቲን ተቀላቅሎ ሲሆን 950 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ያን ያህል ቶን የሚመዝን መድፍ በአንድ ጊዜ ከብረት ለማፍሰስ የሚያስፈልገው ምድጃ ሌላ ነው። ብረት ከመዳብ ይበልጥ ሪአክቲቭ መሆኑ እዚህ ውስጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዚንክ እንምጣ። ከጥያቄሽ ውስጥ አልነበረም፤ ግን ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ዚንክ በዝርዝሩ ላይ ከብረት ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከካርቦን በታች ነው። ከሰል ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ከብረት ወዲህ ከ2,000 ዓመት በላይ ለምን ቆየ? ከሰል ከዚንክ ላይ ኦክስጅን መውሰድ የሚችለው ከ950 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ከማዕድኑ በተላቀቀበት ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል። የምድጃው አፍ ላይ አየር ያገኘዋል፤ ወዲያው ተመልሶ ነጭ የኦክሳይድ ጭስ ይሆናል። ምድጃውን ከፍቶ የሚያይ አንጥረኛ የሚያገኘው አመድና በግድግዳው ላይ የተጋገረ ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። ዚንኩን ሠርቶታል፤ ግን አላየውም።

ይህን የፈቱት በሕንድ ራጃስታን፣ ዛዋር የተባለ ቦታ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ማዕድኑንና ከሰሉን በሸክላ ዕቃ ውስጥ አሽገው አፉን ወደ ታች ደፉት። እሳቱ ከላይ ነው፤ ታችኛው ክፍል ቀዝቃዛ ነው። እንፋሎቱ አየር ሳያገኝ ቁልቁል ወርዶ ፈሳሽ፣ ከዚያም ጠጣር ሆነ። በመካከለኛው ዘመን በዚህ ዘዴ ዚንክ በብዛት ያመርቱ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ማርግራፍ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ዚንክን ለይቶ ያሳየው በ1746 ነው። የአንቺ ሰንጠረዥ የትኛውን ዓመት ነው የያዘው? 1746 ከሆነ የአውሮፓን ታሪክ እንጂ የዚንክን ታሪክ አልጻፍሽም።

ከካርቦን በላይ ያሉት ላይ ከሰል አቅም ያጣል። አልሙኒየም ኦክሳይድን በከሰል ለመፍታት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፤ ያኔም የሚወጣው ከካርቦን ጋር የተጣበቀ ውህድ ነው። ስለዚህ ሌላ ጉልበት መጠበቅ ነበረበት። በ1800 ጣሊያናዊው ቮልታ ባትሪ ሠራ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1807፣ ለንደን ውስጥ ሃምፍሪ ዴቪ ከአመድ በሚገኘው ፖታሽ ላይ ኤሌክትሪክ አሳለፈ። እንደ ሜርኩሪ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ጠብታዎች ወጡ፤ ገሚሶቹ ወዲያው ነደዱ። ፖታሲየም ነበር። ዴቪ ክፍሉ ውስጥ በደስታ ሲዘል እንደነበር ረዳት የነበረው የአጎቱ ልጅ ተናግሯል። ከቀናት በኋላ ሶዲየም፣ በ1808 ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተከተሉ።

«የጨው ውሃ ላይ ባትሪ ብሰካ ሶዲየም ይወጣል?» የሚለው የብዙ ተማሪ ጥያቄ ስለሆነ ሳትጠይቂኝ ልመልስ። አይወጣም። ከሶዲየም ይልቅ ከውሃው ሃይድሮጅን ማውጣት ስለሚቀል የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። ዴቪም መጀመሪያ በውሃ የተሟሟ ፖታሽ ሞክሮ አልሆነለትም፤ የተሳካለት ጠጣሩን ፖታሽ ሲያቀልጠው ነው። አንቺ ግን የጨው ውሃውን ቤት ውስጥ አትሞክሪው። በሌላኛው ጫፍ ክሎሪን ይወጣል፤ ክሎሪን ሳንባ ይጎዳል።

አሁን አስተውይ፦ ፖታሲየም በ1807፣ አልሙኒየም በ1825። ፖታሲየም ከአልሙኒየም በጣም ይበልጥ ሪአክቲቭ ነው፤ ግን ቀደመ። «ሪአክቲቭ የሆነ ይዘገያል» የሚለው ሕግ ከካርቦን በላይ ሲደርስ ተገለበጠ። ምክንያቱ ደግሞ ያምራል፤ ፖታሲየም ራሱ መሣሪያ ሆነ። ዴንማርካዊው ኦርስቴድ በ1825፣ ጀርመናዊው ቮለር በ1827 አልሙኒየም ክሎራይድ ላይ ፖታሲየም ጨመሩ። ይበልጥ ሪአክቲቭ የሆነው ክሎሪኑን ወሰደ፤ አልሙኒየሙ ብቻውን ቀረ። ቲታኒየምም በዚህ መንገድ ነው የወጣው። በ1791 አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ፤ ንጹሕ ብረታ ብረቱን ሀንተር የተባለ አሜሪካዊ በሶዲየም አማካይነት ያወጣው ግን በ1910 ነው። በሁለቱ ዓመቶች መካከል 119 ዓመት አለ። «ተገኘ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ስለሚሸፍን ሰንጠረዥሽ ሁለት የዓመት ዓምድ ያስፈልገዋል፦ ንጥረ ነገሩ የታወቀበትና ብረታ ብረቱ ተለይቶ የወጣበት።

አልሙኒየም ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የሀብታም ዕቃ ነበር። አሜሪካኖች በ1884 የዋሽንግተንን ሐውልት ጫፍ የሸፈኑት በአልሙኒየም ነው፤ ያኔ ዋጋው ከብር ጋር የሚወዳደር ነበር። በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ አልሙኒየም ኦክሳይድን ክሪዮላይት በተባለ የቀለጠ ማዕድን ውስጥ አሟምተው ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። ሁለቱም በ1863 ተወልደው ሁለቱም በ1914 መሞታቸው ደግሞ የአጋጣሚ ነገር ነው። ዛሬ እናትሽ ወጥ የምትሠራበት ድስት የዚህ ዘዴ ውጤት ነው።

ኤሌክትሪኩ ምን ያህል ነው? 1 ኪሎ አልሙኒየም ለማውጣት 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ4 ሰዓት ሳያቋርጥ እንደ ማብራት ነው። የጢስ ዓባይ ሁለተኛው ማመንጫ አቅሙ 73 ሜጋ ዋት ነው። ቀንና ሌሊት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራና ለሌላ ለማንም ባይሰጥ በ24 ሰዓት ወደ 125 ቶን አልሙኒየም ያስወጣል። ባሕር ዳር ጨለማ ውስጥ ትቀመጣለች ማለት ነው። የጓሯችሁ አፈር አልሙኒየም ቢኖረውም ማንም አልሙኒየም ሊያወጣበት የማይመጣው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉት ቦክሳይት የተባለውን ብዙ አልሙኒየም የተከማቸበት ማዕድን ነው እንጂ ሸክላ አይደለም።

«አልሙኒየም አይዝግም» ላልሽው፦ እንዲያውም በጣም ሪአክቲቭ ስለሆነ ነው ያልዛገ የሚመስለው። አየር እንዳገኘ ወዲያው በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ አጥብቆ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለውን ከአየር ይከልላል። የብረት ዝገት ግን ይሰነጠቃል፣ ይላላጣል፣ አዲስ ብረት ለአየር ያጋልጣል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ስለማይበላሽ ብቻ «ሰነፍ ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ይህን በሙከራ ታሳዪዋለሽ፤ እመጣበታለሁ።

ፕላቲነም ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳያል። ሰነፍነቱ ከወርቅ አያንስም፤ ንጹሕ ሆኖም ይገኛል። ግን ብርቅ ነው፤ የሚገኘውም በጥቂት ቦታዎች ነው። ከዚያ የባሰው በ1,768 ዲግሪ መቅለጡ ነው። የጥንት ምድጃ ምንም አያደርገውም። የኮሎምቢያና የኢኳዶር ነባር ሕዝቦች ግን ዘዴ ነበራቸው። ፍንጣሪውን ከወርቅ ብናኝ ጋር እያጋሉና እየቀጠቀጡ አንድ ላይ አጣብቀው ጌጥ ሠርተውበታል። ስፔኖች በበኩላቸው ወርቃቸውን የሚያበላሽ ቆሻሻ አድርገው ነበር የሚያዩት። አውሮፓ ያወቀችው አንቶኒዮ ደ ኡሎያ የተባለው ስፔናዊ በ1748 ከጻፈ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ አለ፤ በወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም ሲወጣ ኖሯል። ስለዚህ ለፕላቲነም መዘግየት ሪአክቲቪቲውን አትክሰሺ፤ ብርቅነቱና የማቅለጫው ሙቀት ናቸው።

ኒኬልና ኮባልትም ያው ናቸው፣ ቶሎ ልለፋቸው። ሁለቱም ከብረት ትንሽ ይሰንፋሉ፤ የታወቁት ግን ኮባልት በ1735 ገደማ፣ ኒኬል በ1751 ነው። ማዕድናቸው ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ የሚለያቸው ኬሚስት መጠበቅ ነበረባቸው።

ወደ ፕሮጀክቱ እንሂድ። ብረቱን ከጓሮ አፈር ማውጣት፦ ተዪው። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት በጣም ጥቂት ነው፤ አሸዋውና ሸክላው ይበዛበታል። በዚያ ላይ 1,200 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ፣ ብዙ ከሰልና ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዞ መሞከር ደግሞ በየዓመቱ ሰው የሚገድለውን ጭስ መጋበዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ ራስ ምታቱ ሲጀምርሽ ዘግይቷል። አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ለማሳየት ከፈለግሽ ማውጣት አያስፈልግሽም። ደረቁን አፈር ወረቀት ላይ በትነሽ ከሥሩ ጠንካራ ማግኔት አንቀሳቅሺ። ከባዛልቱ የመጡ ጥቋቁር ቅንጣቶች ከማግኔቱ ጋር ሲሄዱ ታያለሽ። እሱን በስልክሽ ቅረጪው።

ሶዲየሙን፦ በፍጹም። ሶዲየም ውሃ ሲነካ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይፈነዳል። የሚፈናጠረው ጠብታ ቆዳና ዓይን የሚበላ ኮስቲክ ሶዳ ይዟል። ጣና ላይ ደግሞ ጀልባው፣ የሚዋኘው ልጅ፣ ታንኳው አለ። ይህ የሚሠራው በቤተ ሙከራ፣ በመከላከያ መስታወት ጀርባ፣ ከሩዝ ፍሬ ባልበለጠ ቁራጭ፣ በሠለጠነ መምህር ብቻ ነው። በተረፈ ከሐሳብሽ ጋርም አይሄድም። ሶዲየም ሪአክቲቭ መሆኑን ያሳያል እንጂ ሰው ብረታ ብረቱን እንዴት እንዳወጣ አያሳይም።

የምመክርሽ የማፈናቀል ሙከራውን ነው፤ ሌላ አትፈልጊ። ቮለር አልሙኒየም ያወጣበት መንገድ በትንሹ ማለት ነው። በመምህርሽ በኩል ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መዳብ ሰልፌት ጠይቂ። አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሟሚው፤ የሚያምር ሰማያዊ ይሆናል። በአራት ትንንሽ የመስታወት ዕቃ ክፈይው። ለምግብ የምትጠቀሙበትን ብርጭቆ አታምጪ፤ መዳብ ሰልፌት መርዝ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጊ።

አንደኛው ላይ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ምስማር ክተቺ። በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ቡናማ ይለብሳል፤ መዳብ ነው። ሁለተኛው ላይ ከአዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ የተቆረጠች ቁራጭ፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ከምስማሩ ፈጥኖ ጥቁር ቡናማ ስስ ነገር ይለብሳል። ቆርቆሮው ጠርዙ ይቆርጣል፤ አዋቂ ይቁረጥልሽ። ሦስተኛው ላይ የመዳብ ሽቦ፤ ምንም አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። አራተኛው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የአልሙኒየም ፎይል ጣይ። እሷም ዝም ትላለች። አሁን ነው ቪዲዮውን ማብራት። ቁንጥር የገበታ ጨው ጨምሪበት። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን የማይታየውን ሽፋን ይበሳዋል። ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ዕቃው ይሞቃል፣ አረፋ ይወጣል፣ ፎይሉ ይበጣጠስና በቦታው ቀይ ቡናማ መዳብ ይቀራል። ክዳን አትድፊበት፤ አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ እሳትም አታቅርቢ። ፎይሉንም አታብዢው፤ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም።

መምህርሽ ፈቃደኛ ከሆኑ የከሰሉንም ዘመን ጨምሩበት። ጥቁር የመዳብ ኦክሳይድ ከከሰል ዱቄት ጋር በሙከራ ቱቦ ውስጥ በቤተ ሙከራ ነበልባል ሲጋል ቀላ ያለ መዳብ ይሰጣል። ይህ የእሳቸው ሥራ ነው፤ አንቺ ቆመሽ ትቀርጫለሽ። መስኮት ይከፈት።

ሰንጠረዥሽን ወደ ገላጭ ሥዕል (ግራፍ) ስትቀይሪ ብረታ ብረቶቹን በአንድ መስመር አታሰልፊያቸው። በአግድም ሪአክቲቪቲውን፣ በቁመት ተለይተው የወጡበትን ዓመት አድርጊ። ነጥቦቹን ግን በመሣሪያው ቀለም ለያቸው፦ የተለቀሙት በአንድ ቀለም፣ በከሰል የወጡት በሌላ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሌላ ሪአክቲቭ ብረታ ብረት የወጡት በሦስተኛ። ፕላቲነም፣ ዚንክ፣ ኒኬልና ኮባልት ከየቡድናቸው ወጣ ብለው ይታዩሻል። አትደብቂያቸው። ከጎናቸው ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፊ፤ ፈታኙ የሚጠይቅሽ ስለ እነሱ ነው።

ሙከራው ሲያልቅ የተረፈውን ሰማያዊ ፈሳሽ ሽንት ቤት፣ ቦይ ወይም ሐይቁ ዳር አትድፊው። የሟሟ መዳብ ለዓሣ በጣም መጥፎ ነው፤ ከባሕር ዳር ቦይ ብዙው መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። አራቱንም በአንድ ዕቃ ገልብጪና ንጹሕ የብረት ሽቦ ወይም ያረጁ ምስማሮች ጨምረሽ አሳድሪው። ብረቱ መዳቡን ከፈሳሹ ያስወጣዋል። ሰማያዊው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ዝቃጩን በጨርቅ አጥልይና ጠቅልለሽ ለመምህርሽ ስጪ። የቀረውንም ፈሳሽ በዕቃ አድርገሽ ወደ ቤተ ሙከራው መልሺ፤ እሳቸው ከሌላው የኬሚካል ትርፍራፊ ጋር ያስቀምጡታል።